ድምፅ የሌለው መልእክተኛ

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥12–27



እኛ በአዲስ አበባ፣ አትላስ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በአምልኮ ክፍል የምናገለግል ስምንት ሰዎች ነን። እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ ስንጠጣ አዲስ የሚመጡ እንግዶች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። "ያቺ ላፕቶፕ ይዛ ከጊታሪስቱ ጀርባ የምትቀመጠው እህት ሥራዋ ምንድን ነው? አትዘምርም፤ ኪቦርድ አትጫወትም፤ ግጥም በስክሪን የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ልጅ ነው።" መልሳችን አጭር ነው፦ የጊታሩን ድምፅ ትቀይራለች። "ታዲያ ጊታሪስቱ ራሱ ለምን አይቀይረውም?" የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ግን በአንድ ብርጭቆ ሻይ አያልቅም። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ልንመልሰው ወደድን። ነገሩ ስለ ጊታር ቢመስልም እግዚአብሔር ስለ ክርስቶስ አካል ያስተማረን ትምህርት በውስጡ አለ።

አንድ ጊታር፣ ብዙ ድምፅ

ሙዚቃ ለማትጫወቱ አንባቢዎቻችን ከመጀመሪያው እንጀምር። የኤሌክትሪክ ጊታር ክሩ ሲመታ ብቻውን የሚያሰማው ድምፅ ቀጭንና ደረቅ ነው። ሙሉ የሚሆነው በገመድ ወደ ሌሎች መሣሪያዎች ሲገባ ነው። ዲስቶርሽን የምንለው ድምፁን ያሻክረዋል፤ ዲሌይ እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግመዋል፤ ሪቨርብ ደግሞ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚሰማ ያስመስለዋል።

የእኛ ጊታሪስት ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹን የሚያስቀምጠው በራክ ውስጥ ነው። ራክ ማለት መሣሪያዎች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ በቡሎን የሚታሰሩበት ሣጥን ነው። የፊት ገጻቸው ወርድ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፦ 19 ኢንች፣ ማለትም 48 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የእኛው ራክ ዕቃ በአንድ ቀን አልተገዛም። በተለያየ ዓመት ከውጭ አገር በመጡ ቅዱሳን ሻንጣ እየገባ የተጠራቀመ ነው፤ አንዳንዱም ያገለገለ ዕቃ ነው።

በአንድ እሑድ ውስጥ ይህ ጊታር ብዙ ሰው መሆን አለበት። በንስሐ ጸሎት ጊዜ ንጹሕና ረጅም፣ ከጸሎቱ በታች የሚፈስ ድምፅ ያስፈልጋል። መዝሙሩ በትዝታ ወይም በአምባሰል ቅኝት ሲሆን ክራር ክራር የሚል፣ ጥርት ያለ ድምፅ እንፈልጋለን። በወላይታ ምት ስንዘምር ደግሞ ማሚቶ የሌለው፣ ደረቅና ፈጣን መሆን አለበት፤ አለዚያ ምቱ ይጨማለቃል። የድል መዝሙር ላይ ስንደርስ ዲስቶርሽኑ ይከፈታል። አንዳንዱ መዝሙር ብቻውን ሦስት ለውጥ አለው።

እያንዳንዱ ለውጥ ደግሞ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ አይደለም። ዲስቶርሽኑን ማጥፋት፣ ዲሌዩን ማብራት፣ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ በሁለት ምት መካከል በእግር ይሠራል። ወንድማችን ይህን ለአሥራ አራት ዓመት በግራ እግሩ ሲሠራ ኖሯል። በቀኝ እግሩ ይቆማል፣ በግራው ፔዳሎቹ ላይ ይመላለሳል፣ ዓይኑም ሳያይ ይደርስባቸዋል።

እግሩ እምቢ ሲል

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሐሙስ ማታ ከልምምድ ወጥቶ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ነፍሱን ጌታ አተረፈለት። ግራ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብረት ገባለት። ብዙ ወራት ተኝቶ፣ ከዚያም በክራንች እየተደገፈ ተነሣ። አጥንቱ ገጠመ፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን እንደ ቀድሞው አልታጠፍ አለ።

ወደ ልምምድ ሲመለስ ወንበር አቀረብንለት። እጆቹ እንደ ድሮው ናቸው፤ እንዲያውም በአልጋ ላይ ሆኖ ብዙ ስለተለማመደ የተሻሉ ነበሩ። ለውጡ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ፔዳሉን ይስተዋል፤ ሲያገኘውም ሕመሙ በፊቱ ላይ ይነበባል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከሞከረ በኋላ መሪያችንን ለብቻው ጠርቶ እንዲህ አለው፦ "ወንድሜ፣ ጊታሩን ለወጣቱ ስጡት። እኔ ከምእመናን ጋር ተቀምጬ አመልካለሁ።" ምሬት አልነበረበትም። ምሬት ቢኖርበት ኖሮ መልስ መስጠት ይቀል ነበር።

በአንድ ድምፅ ብቻ እንዲጫወት ለመንነው። እሱ ግን፣ "ሰው አዝኖልኝ ታገሠኝ እንጂ አገለገልኩ አልልም" አለ። ቃሉ ከበደን። ብዙዎቻችሁ ይህን ስሜት እንደምታውቁት እናምናለን። በበሽታ፣ በእርጅና ወይም በአደጋ ምክንያት የሚያገለግሉበትን ነገር ያጡ ቅዱሳን በየጉባኤው አሉ። እናከብራቸዋለን፣ ወንበር እንለቅላቸዋለን፣ ስማቸውን በጸሎት እንጠራለን፤ ከሥራው ግን ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ወንድማችንም በዚያ በር ላይ ደርሶ ነበር።

ነገሩን ለሽማግሌዎች ስናቀርብ አንዱ አባት፣ ዕድሜያቸውን በሬዲዮና በቴፕ ጥገና ያሳለፉ፣ እንዲህ አሉን፦ "ልጆቼ፣ ጸልዩ። ከጸለያችሁ በኋላ ግን ራኩን አዙራችሁ ጀርባውን እዩት።" እሳቸው ራሳቸው መጥተው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከመሣሪያዎቹ ጀርባ ላይ አምስት አምስት ቀዳዳ ያላቸው ክብ መሰኪያዎች ነበሩ። ከበላያቸው "ሚዲ" ተብሎ ተጽፏል። ጊታሪስቱ በእግሩ ሲሠራ ስለማያስፈልጉት አቧራ ለብሰው ለዓመታት ተቀምጠዋል። ጌታ ሙሴን በእጁ ስላለው ነገር የጠየቀበትን ዘፀአት 4ን ያን ቀን አስታወስን። በእጃችን የነበረው አንድ አቧራ የለበሰ መሰኪያ ነበር።

ሚዲ ምንድን ነው?

ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። ከእርሱ በፊት የአንዱ ፋብሪካ ኪቦርድ ከሌላው ፋብሪካ ኪቦርድ ጋር አይግባባም ነበር። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺና አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ የገበያ ተፎካካሪዎች ሆነው ሳለ ከሌሎች ጋር ሆነው በአንድ የጋራ ቋንቋ ተስማሙ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1983 በካሊፎርኒያ በተካሄደ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የሁለቱ ድርጅቶች ኪቦርዶች በገመድ ተገናኝተው አንዱ ሲመታ ሌላው ድምፅ ሰጠ። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሥራቸው በ2013 የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለዋል።

ያ ወር በእኛ አቆጣጠር ጥር 1975 ነው። በአገራችን ቅዱሳን ምን ላይ እንደነበሩ ስናስብ ልባችን ይነካል። ልክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 1974፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ መንግሥት ተዘግታ፣ ንብረቷ ተወርሶ፣ መሪዎቿ ታስረው ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በእነዚያ የደርግ ዓመታት ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። ምእመናን ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ እየተሰበሰቡ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ያ ድምፅ ዝቅ ቢልም ፍሬው ዝቅ አላለም። የመሠረተ ክርስቶስ አባላት ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ ወደ 5,000 ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ስትከፈት ከ30,000 በልጠው ተገኙ። ይህን የምናነሣው ዛሬ በእጃችን ያለው መሣሪያ የአምልኮ ምንጭ እንዳልሆነ ለመናገር ነው። መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት አምልኮ ነበረ፤ መሣሪያ ሲጠፋም አምልኮ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው በሚዲ ገመድ ውስጥ ድምፅ የሚያልፍ ይመስለዋል። አያልፍም። የሚያልፈው ቁጥር ብቻ ነው። "ወደ አራተኛው ድምፅ ተሻገር" የሚል ትእዛዝ ይሄዳል፤ ድምፁን የሚሰጠው ትእዛዙን የተቀበለው መሣሪያ ነው። ይህ ትእዛዝ ፕሮግራም ቼንጅ ይባላል። በውስጡ ሁለት ነገር ብቻ አለ፦ ለማን እንደተላከና የስንተኛው ድምፅ ቁጥር እንደሆነ። በሴኮንድ 31,250 ቢት በሚሄደው በዚህ መሥመር ላይ አንዱ ትእዛዝ ለመድረስ ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።

"ለማን" የሚለው የሚታወቀው በቻናል ነው። ሚዲ 16 ቻናሎች አሉት። ሁሉም ትእዛዝ በአንዱ ገመድ ያልፋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ግን የራሱን ቻናል ብቻ እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል። በቻናል 1 የተላከውን በቻናል 2 ያለው መሣሪያ ይሰማዋል፣ አይመልስለትም፣ ያሳልፈዋል።

እንዴት አደረግነው?

ይህ ክፍል በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በሙዚቃ ለምታገለግሉ ወገኖች ነው። ሌሎቻችሁም ብታነቡት አትጎዱም።

ላፕቶፑ አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያኗ ነበር። የገዛነው ከዩኤስቢ ወደ ሚዲ የሚያገናኝ ትንሽ መሣሪያና ሁለት ገመድ ብቻ ነው። ከላፕቶፑ የወጣው ገመድ ወደ ድምፅ ማቀናበሪያው ይገባል፤ ከማቀናበሪያው ሦስተኛ መሰኪያ፣ የገባውን እንዳለ ከሚያሳልፈው፣ ሌላ ገመድ ወጥቶ ፔዳሎቹን ወደሚያገናኘውና ወደሚያቋርጠው ሣጥን ይሄዳል። ማቀናበሪያውን በቻናል 1፣ ሣጥኑን በቻናል 2 አደረግናቸው። አሁን በላፕቶፑ ላይ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ። ወንድማችን በሦስት ርምጃ ይሠራው የነበረው በአንድ ይሆናል።

ሚዲ 128 ቁጥሮች ይፈቅዳል። እኛ የምንጠቀመው ስድስት ብቻ ነው፤ ስምም ሰጥተናቸዋል፦ ጸጥታ፣ ክራር፣ ደረቅ፣ እልልታ፣ ማሚቶ፣ ዝም። "ዝም" ጊታሩ ድምፅ ሳያሰማ የሚቃኝበት ነው። ስድስቱ በቂ ናቸው። ሰባተኛ ለመጨመር ስናስብ መጀመሪያ "ለምን?" ብለን እንጠይቃለን።

ልብ ልትሏቸው የሚገቡ አራት ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ ሚዲ የሚቆጥረው ከ0 እስከ 127 ነው፤ አንዳንድ መሣሪያ ግን በመስኮቱ ላይ ከ1 እስከ 128 ያሳያል። አምስት ልካችሁ ስድስት ቢመጣ መሣሪያው አልተበላሸም፤ አቆጣጠራቸው ነው የተለያየው። ሁለተኛ፣ ብዙ ማቀናበሪያዎች ፕሮግራም ሲቀየር የዲሌዩን ጭራ ይቆርጡታል። በጸሎት መካከል ማሚቶው በድንገት ሲቆረጥ ጉባኤው ይደነግጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ፕሮግራሙን ሳትቀይሩ ኮንትሮል ቼንጅ በሚባለው ሌላ ትእዛዝ አንዱን ክፍል ብቻ ማጥፋት ይሻላል። ሦስተኛ፣ አሮጌ የራክ መሣሪያዎች ድምፆቹን የሚያስታውሱት በውስጣቸው ባለ ትንሽ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ይጠፋል። ቅጂውን በላፕቶፕ ያዙ፤ በወረቀትም ጻፉት። አራተኛ፣ ተራ የሚዲ ገመድ ከ15 ሜትር በላይ እንዲረዝም አልተሠራም።

ይህ አራተኛው ነገር ለእኛ በረከት ሆነልን። መጀመሪያ ያሰብነው እህታችን ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ሚክሰሩ አጠገብ እንድትቀመጥ ነበር። ገመዱ ግን እዚያ ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ከጊታሪስቱ ጀርባ፣ ሁለት ርምጃ ያህል ርቃ ተቀመጠች። ለምን በረከት እንደሆነ ቀጥለን እንነግራችኋለን።

ድምፅን ለሌላ ሰው ማስረከብ

ገመዱ ሲገጠም ችግሩ የተፈታ ይመስላል። የከበደው ግን ከዚያ በኋላ ነበር። ጊታር የሚጫወት ሰው ድምፁን እንደ ራሱ አንደበት ነው የሚያየው። አሁን ያንን አንደበት ሌላ ሰው ሊከፍትና ሊዘጋ ነው።

ያቺ እህት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ወደ ጉባኤያችን ከመጣች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ከአማኝ ቤተሰብ አልመጣችም፤ መጀመሪያ ጓደኛዋ ጋበዘቻትና እየጠየቀች ቆየች፤ ጌታን የተቀበለችው በኋላ ነው። "መዘመር አልችልም፤ መሣሪያም አልጫወትም፤ ሙዚቃ ግን እሰማለሁ" ትል ነበር። መስማት የምትችል ሰው ስለሆነች መረጥናት።

በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ድምፁ ግማሽ ምት ዘግይቶ ይመጣል፤ ወይም ቀድሞ ይመጣል። ወንድማችን ዝም ብሎ እጁን ከክሩ ላይ ያነሣል። አንድ ቀን እሷ ደፍራ ጠየቀችው።

"ጋሼ፣ መቼ እንደሚፈልጉት በምን ልወቅ?"

"እኔ እንጃ፣ እህቴ። እግሬ ነበር የሚያውቀው።"

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ለውጦቹ በሰዓታቸው መምጣት ጀመሩ። ሁላችንም ተገረምን። ምስጢሩን ስንጠይቃት እየፈራች ተናገረች፦ "ጋሼ፣ ከመቀየርዎ በፊት ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ያኔ ቀኝ ትከሻዎ ትንሽ ከፍ ይላል።" እሱ ራሱ ይህን አያውቅም ነበር። አሥራ አራት ዓመት አብረነው ያገለገልነው እኛም አላየነውም። እሷ ግን ገመዱ አጭር ስለሆነ ከጀርባው ተቀምጣለችና አየችው። ያን ቀን ወንድማችን ከልቡ ሳቀ። "በሉ እንግዲህ፣ እሑድ እንሞክረው" አለ።

አንዳንዶች፣ "ኮምፒውተሩ ራሱ በሰዓቱ እንዲቀይር ለምን አታደርጉም?" ይሉናል። ይቻላል። በየዓለሙ በትልልቅ መድረኮች መዝሙሩ በሰዓት ተለክቶ ድምፁም መብራቱም በራሱ የሚቀየርበት አሠራር አለ። በእኛ አምልኮ ግን መሪው አዝማቹን አንዴ ሊል ይችላል፣ ሰባት ጊዜም ሊል ይችላል። በመካከል ጸሎት ይከፈታል፤ አንዲት እናት ታለቅሳለች፤ ጉባኤው በአንድ ሐረግ ላይ ዐሥር ደቂቃ ይቆያል። በሰዓት የታሰረ ማሽን ይህን ትቶ ወደፊት ይሮጣል። ስለዚህ የሚሰማ፣ የሚጠብቅ፣ ጉባኤው ያለበት ቦታ የሚገኝ ሰው እንፈልጋለን። ማሽኑ ትእዛዙን በፍጥነት ያደርሳል፤ ጊዜውን የሚያውቀው ግን አብሮ የሚያመልክ ሰው ነው።

አንድ እሑድ በመዝሙር መካከል መብራት ጠፋ። ራኩ፣ ላፕቶፑ፣ ማይኩ፣ ሁሉም ዝም አሉ፤ ጉባኤው ግን ዝም አላለም። ከበሮው ቀጠለ፣ ጭብጨባው ቀጠለ፣ ከዚያም መዝሙሩ ዝግ እያለ ወደ ጸሎት ተለወጠ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ በሩ። ቀጥሎ የሚመጣው በዝርዝሩ ላይ "እልልታ" ነበር፤ ዲስቶርሽኑ። እህታችን ጣቷን በቁልፉ ላይ አድርጋ ወንድማችንን አየችው። ትከሻው አልተንቀሳቀሰም። ቁጥሩን አልላከችም። ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ ጊታሩ በ"ዝም" ላይ ቆየ። በዚያ ቀን ካደረገችው አገልግሎት ሁሉ ትልቁ ያልላከችው ቁጥር ነበር ብለን እናምናለን።

ሽቦውና ክራንቹ

ሁሉም ሰው ወዲያው አልተቀበለውም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየቤቱ ከዘመሩት ትውልድ የሆኑ አንዲት እናት አሉን። አንድ ቀን ወደ መድረኩ ቀርበው፣ "ልጆቼ፣ እኛ ያለ ምንም ዕቃ በሹክሹክታ ዘምረን አልፈናል። ይሄ ሁሉ ሽቦ ምን ያደርግላችኋል?" አሉን። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ በየጊዜው ሊጠየቅ ይገባል። ዕቃ ስለ ዕቃነቱ ከተወደደ በአምልኮ ቦታ ጣዖት መሆኑ አይቀርም።

ወንድማችን ራሱ መለሰላቸው። ወንበሩ አጠገብ የተደገፈውን ክራንች አሳያቸው፤ ከዚያም ገመዱን አሳይቶ እግሩ የማይሠራውን ያች እህት እንዴት እንደምትሠራለት ነገራቸው። እማማ ሁለቱን እያፈራረቁ ተመለከቱና፣ "እንዲህ ከሆነማ ሽቦውም ክራንች ነዋ!" አሉ። ከዚያም ሁለቱን ባርከው ሄዱ። ስለ ቴክኖሎጂና ስለ አምልኮ ብዙ ትምህርት ሰምተናል፤ ይህን ያህል የጠራ መልስ ግን አልሰማንም። ዕቃው የወደቀን ሰው የሚያነሣ ድጋፍ ከሆነ ይምጣ። ለመታየት ብቻ ከሆነ ይቅር።

ቃሉ ምን ያስተምረናል?

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ስለ አካል ሲናገር እግርን ያናግረዋል። እግር እጅ አይደለሁምና የአካል ክፍል አይደለሁም ቢል፣ ይህን በማለቱ ከአካሉ አይወጣም ይለናል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብበነዋል። አሁን ግን የሚሠራ እጅና የማይሠራ እግር ያለው ወንድም በመካከላችን ተቀምጦ ስናነበው ሌላ ብርሃን ሰጠን።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ በአካሉ ውስጥ የአንዱ ብልት ድካም የሌላው ብልት ጥሪ ሊሆን ይችላል። የወንድማችን እግር ባይደክም ኖሮ እህታችን ከጉባኤው መካከል አትነሣም ነበር። አደጋው መልካም ነበር አንልም፤ ሕመሙ ዛሬም አለ። ጌታ ግን በዚያ ክፍተት ውስጥ ለአንዲት አዲስ አማኝ ቦታ አዘጋጀ።

ሁለተኛው፦ ድምፅ የሌለው አገልግሎትም አገልግሎት ነው። በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 ላይ ዳዊት በአሳፍ፣ በኤማንና በኤዶታም ሥር ያደራጃቸው የሠለጠኑ መዘምራን ቁጥራቸው 288 እንደነበር ተጽፏል። ታላቁም ታናሹም፣ መምህሩም ተማሪውም በእኩል ዕጣ ተጣጣሉ። ማን የበለጠ ተሰማ ተብሎ አልተለየም። ሚዲ የራሱ ድምፅ የለውም፤ ያለ እርሱ ግን የወንድማችን ጊታር ዛሬ በጉባኤው አይሰማም ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ባሉ ሰዎች የተሞላች ናት። ወንበር የሚደረድሩ፣ ሕፃናት የሚይዙ፣ ሌሊት የሚማልዱ፣ ድምፃቸው በማይክ የማይሰማ፣ በእነርሱ ግን የሌላው ድምፅ የሚሰማ።

ሦስተኛው፦ መቀበልም እምነት ይጠይቃል። ስለ መስጠት ብዙ ተሰብኮልናል። ወንድማችን ግን የተማረው መቀበልን ነው። የራሱን አንደበት በሌላ ሰው ጣት ላይ አድርጎ መቀመጥን። በአካሉ ውስጥ ለሌላው አያስፈልገኝም ማለት የማይችለው ዓይን ብቻ አይደለም፤ የቆሰለውም ብልት እንዲሁ ነው።

ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን

በአምልኮ የምታገለግሉ ወገኖች ሆይ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ዕቃ ጀርባውን አዙራችሁ እዩት። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመድረክ ቀስ ብሎ የወረደውን ሰው ፈልጉት። "ምን ብናደርግልህ ልትቀጥል ትችላለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ አንዳንዴ ከአንድ ገመድ ዋጋ አይበልጥም።

የምታገለግሉበትን ነገር ያጣችሁ ቅዱሳን ሆይ፣ ጉባኤውን ለመሰናበት አትቸኩሉ። ጌታ የሰጣችሁ ሁሉ በጠፋው ብልት ላይ አልነበረም። ሌላ ሰው እንዲደግፋችሁ ፍቀዱለት፤ እናንተን መደገፉ የእርሱ ጥሪ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ "እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? መዘመር አልችል፣ መስበክ አልችል" ትሉ ይሆናል። እግዚአብሔር የሚፈልገው አስቀድሞ ችሎታችሁን አይደለም፤ እናንተን ነው። ኢየሱስ ክርስቶስ በሞቱና በትንሣኤው በሩን ከፍቶላችኋል። ወደ እርሱ ኑ። በአካሉ ውስጥ ቦታ አላችሁ፤ ምናልባትም ብዙዎቻችን ያላየነውን የአንድ ወንድም ትከሻ የምታዩት እናንተ ትሆናላችሁ።

አባት ሆይ፣ በልጅህ አካል ውስጥ እርስ በርስ የምንደማመጥ አድርገን። የደከመውን የምንደግፍበት ዓይን፣ ስንደክምም የምንደገፍበት ትሕትና ስጠን። ድምፅ ያለንም የሌለንም አንተን ብቻ እናክብር። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።